ከነገ ጀምሮ

— ሄሎ… ሄሎ… አቤት፣ ይሰማል… አዎ፣ ጠና ነኝ። መምህር ጠና ሎምቤቦ… የታችኛው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ አዎ… አቤት ጓድ ገብረወልድ። እንደምን ዋሉ?

ጠና የስልኩን እጀታ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ጣቶቹ ላይ የቀረው ጠመኔ ጥቁሩ እጀታ ላይ ነጭ አሻራ አሳረፈ። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማረ ሳለ ነው የቀበሌው ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የጠራው፤ ከአውራጃ ይፈልጉሃል፣ በስምንት ሰዓት መልሰው ይደውላሉ ብሎ። ትምህርት ቤቱ ስልክ የለውም። ስልኩ ያለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም ብቻውን ስልክ አያወራም። ከጠረጴዛው ማዶ ሊቀ መንበሩ ዳኘ ሽጉጡን የወረቀት መጫኛ አድርጎ ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ጸሐፊዋ ገነቴ መዝገብ ታሰምራለች።

የደወለው ገብረወልድ የአውራጃው ባለሥልጣን፣ የከተማው የትምህርት ቤቶች እድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበር። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሆሳዕና ውስጥ ሰው እሱን የሚፈራው በዚህ ነበር፤ የሚጮሁት ባለሥልጣኖች ጮኸው ይረሳሉ፣ ገብረወልድ ግን አይረሳም ይባላል።

— ደብዳቤ?… የምን ደብዳቤ፣ ጓድ?… ለኮሚቴው የተጻፈ…

ጠና ዓይኑን ጨፈነ። ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ቃል ነበር የሚፈራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በ1975 ለከተማው ትምህርት ቤቶች እድሳት ተብሎ ከየቀበሌው መዋጮ ተሰበሰበ። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው የባሕር ዛፍ ግንድ፣ እሱንም ያጣ ዶሮ ሰጠ። ከታችኛው ሰፈር ያልሰጠ ቤት አልነበረም። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ሰው ወጥቶ እልል አለ። መኪናው ግን ወደ ታች አልወረደም። ሁሉም ዋናው መንገድ ዳር ያለው የላይኛው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተራገፈ። ያ ትምህርት ቤት ጣሪያው ተቀየረ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ በዚያ ላይ አራት አዲስ ክፍሎች ተጨመሩለት። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሚያልፈው በዚያ መንገድ ነዋ።

የታችኛው ትምህርት ቤት ከጭቃ የተሠራ ነው። የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች የሚማሩበት ሕንፃ የኋላ ግድግዳው ወደ ውጭ ካዘነበለ ሁለት ክረምት አለፈው፤ በስድስት ባላ ተደግፎ ነው የቆመው። ጠና በየቀኑ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ሄዶ ስንጥቁን ይለካል። ባለፈው ሳምንት ጣት ብቻ ያስገባ የነበረው ስንጥቅ፣ አራት ቀን ተከታትሎ ከጣለው ዝናብ ወዲህ መዳፉን ያስገባለታል።

ደብዳቤው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁላችንም ቤት የተሰበሰበ ቆርቆሮ ለምን በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ብቻ ተመታ? ከሥሩ ስም የለውም። «የታችኛው ትምህርት ቤት መምህራንና ወላጆች» ይላል፣ ሌላ የለም።

— አላየሁትም፣ ጓድ… ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ በወሬ ሰምቻለሁ። አላየሁትም… አይደለም፣ አልደብቅም። ምን ብዬ እደብቃለሁ?… እርስዎ እንዳሉት ነው…

ውሸቱን ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ደብዳቤውን የጻፈችው የአራተኛ ክፍል መምህርቷ ወይንሸት ነበረች። ተይው ብሎ ለመናት። ያስገቡሻል አላት። አንቺን ደግሞ ለይተው ነው የሚጠብቁሽ አላት። ታላቅ ወንድሟ በ1970 ከቤቱ በሌሊት ልብሱ ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ የቤተሰቡ ስም አውራጃው ፋይል ውስጥ እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ወይንሸት ሰምታው ስታበቃ፣ ሰባ አንድ ልጆች በዚያ ግድግዳ ሥር እያስቀመጥኩ ቤቴ ገብቼ መተኛት አቅቶኛል አለችው። ጠናም እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል፣ ግን አልነገራትም። አብሯት አልጻፈም። እንዳይሄድም አልከለከላትም።

— አቤት… እየሰማሁ ነው፣ ጓድ ገብረወልድ… ፀረ ሕዝብ… አዎ፣ ገብቶኛል… አጣራለሁ። መምህራኑን ሰብስቤ አጣራለሁ… እሺ…

«አጣራለሁ» ሲል ዳኘ ቀና ብሎ አየው። ጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሲፈራ አማርኛው ይጠፋበታል፤ መጀመሪያ የሚመጣለት የእናቱ ቋንቋ ሀዲይኛው ነው፣ ከዚያ አማርኛውን አንድ በአንድ እየፈለገ ያመጣዋል። ፎንቆ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በአማርኛ አስተምሮ፣ አሁንም ባለሥልጣን ፊት ምላሱ ይተሳሰራል።

ገብረወልድ ግን የደብዳቤውን ነገር እንዳነሳው ተወው። ወደ ሌላ ጉዳይ ገባ፣ ለዚያኛው የቸኮለ ይመስል ነበር።

— ነገ?… ነገ ረቡዕ… ከአዲስ አበባ፣ እሺ… የላይኛውን ትምህርት ቤት ሊያዩ… ልጆች? ከእኛ?… ስንት ልጅ፣ ጓድ?… ጫማ ያላቸው… ጫማ ያላቸው ብቻ…

ጠና ወዲያው አልገባውም ነበር። ቆይቶ ገባው። አራቱ አዲስ ክፍሎች ባዶ ናቸው። የላይኛው ትምህርት ቤት ልጆች የቀድሞ ክፍሎቻቸው ይበቋቸዋል፤ አዲሶቹ ተሠርተው፣ ቀለም ተቀብተው፣ ዴስክ ገብቶላቸው፣ በውስጣቸው የሚቀመጥ ሰው አልተገኘም። እንግዶቹ ነገ መጥተው ባዶ ክፍል እንዲያዩ ደግሞ አይፈለግም። ስለዚህ ንጹሕ የለበሱ፣ ጫማ ያላቸው ልጆች ለአንድ ቀን ከታችኛው ሰፈር መጥተው ይቀመጡባቸው።

ለአፍታ ፍርሃቱ ለቀቀው፤ በምትኩ ደረቱ ላይ አንድ ትኩስ ነገር ወጣ። ባዶ ክፍል አላቸው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ አራት ባዶ ክፍል አላቸው።

— ሄሎ… ይሰሙኛል፣ ጓድ?… መስመሩ ነው… አይደለም፣ እምቢ ማለቴ አይደለም። ጫማ ያላቸውን ብቻ ከየክፍሉ ከለቀምን ረድፍ መያዝ አይችሉም፣ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ በእንግዳ ፊት ይረብሻሉ ብዬ ነው… ክፍሉ እንዳለ ቢመጣስ? ሦስተኛና አራተኛ። መምህራኖቻቸው አብረው ስላሉ ጸጥ ይላሉ… ጫማውን ከሌሎቹ ክፍሎች ተበድረን እናለብሳቸዋለን… አዎ፣ ሁሉንም። እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

ገብረወልድ ተስማማ። ደብተራቸውንም ይያዙ፣ የሚማሩ ይምሰሉ አለ። ጠና የሚቀጥለውን እንዴት እንደተናገረው በኋላም ማስታወስ አልቻለም። አስቀድሞ አላሰበውም። አፉ ነው የተናገረው።

— ጓድ ገብረወልድ፣ አንድ ነገር ብቻ… ወላጆች ልጆቻችንን ወዴት ነው የምትወስዷቸው ብለው ይጠይቁኛል። የላይኛው ዳይሬክተርም የጽሑፍ ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ያውቁታል… በስልክ የተላለፈ ትእዛዝ ተብሎ በቀበሌው መዝገብ ቢሰፍርልኝ… አዎ፣ ጸሐፊዋ እዚህ ናት። ሊቀ መንበሩም አሉ… እሺ። እሺ፣ እርስዎ ይበሉኝ፣ እኔ እነግራታለሁ። ገነቴ፣ መዝገቡን አምጪ፤ ጻፊ።

ገነቴ አዲስ ገጽ ገለጠች። ገብረወልድ በዝግታ ቃል በቃል ይናገር ጀመር፣ ጠናም እየተቀበለ ያስተላልፍ ነበር።

— «የታችኛው ትምህርት ቤት…» ጻፊ… «የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች…» አቤት ጓድ፣ እየጻፈች ነው… «ከነመምህራኖቻቸው…»

ከዚያ ገብረወልድ «ነገ ግንቦት 22 ቀን 1976» አለ። ነገን ብቻ ነው ያለው። ከኋላው የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ሰማ።

— «ከነገ ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን 1976 ጀምሮ…»

የገነቴ እጅ ለአንድ አፍታ ቆመ። የሰማችው የጠናን ድምፅ ብቻ ነው፣ ታዲያ ምን አቆማት? የድምፁ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ከዚያ ጻፈችው። ዳኘ ግን ቀስ ብሎ ራሱን አነሣ። ልጆቹ የሚፈለጉት ለአንድ ቀን ብቻ እንደሆነ እሱ ከጠዋት ጀምሮ ተነግሮታል፤ «ጀምሮ» የሚባል ነገር ግን አልሰማም።

— «…በላይኛው ትምህርት ቤት አዲስ ክፍሎች እየተገኙ ትምህርታቸውን እንዲከታተሉ ታዟል።» ጨረሰች፣ ጓድ… ላንብበው? እሺ…

አነበበው። ከላይ ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፣ ድምፁን አንድ ደረጃ ላይ ለማቆየት እየታገለ አነበበው። «ጀምሮ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ልትዘለል ትችል ነበር። አልዘለላትም። ጠና የራሱን ትንፋሽ በእጀታው ውስጥ ሰማ። ሰውየው ሰምቶ ይሆን? ሰምቶ እያሰበ ይሆን? ከዚያ በስልኩ ውስጥ የወረቀት መገለባበጥ ድምፅ መጣ፤ ገብረወልድ ለሌላ ሰው ስለ እንግዶቹ ምሳ የሆነ ነገር ተናገረና ተመልሶ፣ በቃ፣ ማህተም ይደረግበት አለ።

— ማህተም ይደረግበት ይላሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።

ዳኘ ጠናን አየው፣ መዝገቡንም አየ። የዚያን መዋጮ በር ለበር እየዞረ የሰበሰበው እሱ ነበር። ዶሮዋን የሰጠችው ባልቴት ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ቆርቆሯችን የት ደረሰ ትለዋለች፤ እሱም መንገድ እየቀየረ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ፣ ማህተሙን አወጣ፣ ራሱ መታው። ግልባጭ ስጪው አላት ገነቴን፣ እንደገናም ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ጠና ያኔ ስልኩን ዘግቶ ቢወጣ ደስ ባለው ነበር። ገብረወልድ ግን አልጨረሰም።

— አቤት?… ደብዳቤው… አዎ፣ አጣራለሁ ብያለሁ… የእጅ ጽሑፍ?… የሁሉንም መምህራን…

ገብረወልድ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ አስረዳው። ማጣራቱ ለጠና አይተውም። ነገ እንግዶቹን ይዞ ክፍሎቹን ሲጎበኝ ደብዳቤውን በኪሱ ይይዛል፤ መምህራኑ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን በዓይኑ ያያል። እንዲህ ያለ ያማረ ጽሑፍ ያለው ሰው አይደበቅም አለ።

ጠና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። የወይንሸት ጽሑፍ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው የሚመስለው፤ የትምህርት ቤቱን መፈክር ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። ነገ ደግሞ በዚያ አዲስ ክፍል፣ በዚያ አዲስ ሰሌዳ ፊት ትቆማለች። ቀኑን ትጽፋለች፣ ትምህርቱን ትጽፋለች፣ ሰውየው ከኋላዋ ቆሞ ያነባል። እዚያ የሚያቆማት ማነው? እሱ ራሱ ነው። ክፍሉ እንዳለ ይምጣ፣ ከነመምህራኖቻቸው ያለው እሱ፣ አስጽፎ ማህተም ያስመታው እሱ። ትእዛዙን ይሰርዘው? ልጆቹ ወደ ግድግዳው ይመለሳሉ። እሷን በሌላ መምህር ይተካት? መቅረቷ ራሱ ያስጠረጥራታል።

ዝናቡ በረታ። ቆርቆሮው መንጓጓት ጀመረ፣ መስኮቱ ጨለመ።

— ጓድ ገብረወልድ… ይሰሙኛል?… ዝናቡ ነው፣ ጮክ ልበል… ማጣራት አያስፈልግም… ማጣራት አያስፈልግም አልኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ገነቴ ብዕሯን አስቀመጠች።

— እኔ… ጠና… አዎ፣ ቅድም አላየሁም ብያለሁ። ፈርቼ ነው… የጽሑፉ ማማር? አስተማሪ ነኝ፣ ጓድ፤ ሲፈለግ አሳምሬ እጽፋለሁ… ማንም የለም። ወላጆቹ አያውቁም፣ መምህራኑም አያውቁም። በስማቸው የጻፍኩት እኔ ነኝ… ለምን?…

ለምን ተብሎ መጠየቁን አልጠበቀም ነበር። የሀዲይኛው ቃል መጣለት፣ አማርኛው ዘገየ።

— ግድግዳው ይወድቃል፣ ጓድ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሁሉም ሰው ቆርቆሮ ነበር፣ እኛም ጋ ትንሽ ቢደርስ ኖሮ… ሌላ የለኝም።

ከዚያ በኋላ የሚናገረው ገብረወልድ ብቻ ሆነ። ጠና ይሰማል። ዳኘ ሽጉጡን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ለምን እንዳደረገው ራሱም አያውቅ ይሆናል።

— እሺ… ነገ እገኛለሁ፣ ልጆቹን አሰልፌ አስገባለሁ… ለእንግዶቹ ምንም አልናገርም… አርብ። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት… ራሴ እመጣለሁ፣ መኪና አያስፈልግም… ምን ልያዝ አሉኝ?… ብርድ ልብስ… አንድ ብርድ ልብስ። ገባኝ።

የሆነውን ከተማው በኋላ አየው። ረቡዕ እንግዶቹ መጡ፣ አራቱን ክፍሎች በሩብ ሰዓት አዩ፣ ሄዱ። ገብረወልድ በወይንሸት ክፍል በር ሲያልፍ ወደ ሰሌዳው ዞር ብሎም አላየ፤ የሚፈልገው ስም ነበር፣ ስም አግኝቷል። ሐሙስ ጠዋት የታችኛው ሰፈር ልጆች፣ የተበደሩትን ጫማ ለባለቤቱ መልሰው፣ በባዶ እግራቸው እዚያው አዲስ ክፍሎች ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የላይኛው ዳይሬክተር ሊመልሳቸው ቢነሣ ወይንሸት ማህተም ያለበትን ወረቀት አሳየችው። አውራጃ ተጠየቀ። ገብረወልድ ለእንግዶቹ በክፍሎቹ የሁለት ሰፈር ልጆች ይማራሉ ብሎ በሪፖርት አስገብቶ ስለነበር ይሰረዝ ብሎ የሚጽፍ እጅ ጠፋ። ልጆቹ ዓመቱን እዚያው ጨረሱ። በሐምሌ አጋማሽ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ያ የኋላ ግድግዳ ባላዎቹን ይዞ ወደቀ፣ ጣሪያውም ተከትሎት ወረደ። በውስጡ ማንም አልነበረም።

ጠና ሃያ ሦስት ቀን ታሰረ። ከስሙ በቀር ምንም ሳይጠይቁት ፈቱትና ሆመቾ አካባቢ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት አዛወሩት። እስር ቤት ምግብ ታመላልስለት የነበረችው ወይንሸት ናት። የታሰረው «ጀምሮ» በምትለው ቃል ምክንያት እንደሆነ ታምን ነበር፤ ደብዳቤዬን ሳይደርሱበት ቀሩ እያለች በሹክሹክታ ትነግረው ነበር። እሱም አዎ፣ ሳይደርሱበት ቀሩ ይላታል።

በዚያ ማክሰኞ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አርብ ሦስት ሰዓትን ብቻ ነው። የዝናቡ ጩኸት የገብረወልድን የመጨረሻ ቃላት ዋጣቸው፤ ጠና ጆሮውን እስኪያመው ድረስ እጀታውን ተጭኖ አዳመጠ።

— ሄሎ… ጓድ ገብረወልድ… አልሰማሁም… ሄሎ?… ሄሎ…

«ዘግቶታል፣ መምህር» አለው ዳኘ።

ጠና ያም ሆኖ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሚሰበር ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ በቦታው አኖረው።